የአስታራቂው ጣት

ወሬው ከአስከሬኑ ቀድሞ ከሕንፃው ወጣ። ሟቹ በሰርቨር ክፍሉ ቀዝቃዛ ወለል ላይ፣ ጀርባውን ከበሩ አጠገብ ላለው ግድግዳ ሰጥቶ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ገና እንደተቀመጠ ነበር። በላይኛው ፎቅ መተላለፊያ ግን ሁለት ጎልማሶች አፋቸውን በመዳፋቸው ከድነው ይሥቃሉ።

«ጣቱ ወፍሮ ገደለው» አለ አንዱ።

«ኧረ ቁልፉ ቀጥኖ ነው!» አለ ሌላው።

የተማረ ሰው በሬሳ ላይ ሲቀልድ ካልተማረው የሚለየው ቀልዱን አሽሞንሙኖ ማቅረቡ ብቻ ነው። መርማሪዋ በአጠገባቸው ስታልፍ ሣቃቸውን ዋጡና የሐዘን ፊት ለበሱ። እሷም ቀና ብላ አላየቻቸውም። ሃምሳን የተሻገረች፣ ቀጠን ያለች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። በሥራ ዘመኗ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ አንዱንም አድንቃ አታውቅም። «ሰው ሰውን ይገድላል፤ ይሄ የቆየ ነገር ነው» ትል ነበር ለባልደረቦቿ። «እኔን የሚያናድደኝ ከገደለ በኋላ ሲዋሽ የሚሰንፈው ስንፍና ነው።»

ድርጅቱ የሚሠራው ስርዓተ ክወና ነው፤ በኮምፒዩተርና በሰው መካከል ቆሞ የአንዱን ፈቃድ ለሌላው የሚያደርስ አስተርጓሚ ማለት ነው። ይህ አስተርጓሚ ለዘመናት ሁለት ቋንቋ ነበረው። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ሰው ማውዝ ጨብጦ ቀስቷን በትንንሽ መስኮቶችና በደቃቅ ቁልፎች መካከል ያሽከረክራል፤ በታብሌት ላይ ደግሞ መስታወቱን በጣቱ ይነካል። ጣት ደግሞ እንደ ቀስት አይሾልም፤ ሰፊ ቁልፍ ይሻል። ሟቹ ዕድሜውን የጨረሰው እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሲስተም ውስጥ በሰላም ለማኖር ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «አስታራቂው» ይሉት ነበር፤ እንደ ማዕረግ ሳይሆን እንደ ስድብ። ሁለት ጠበኞች ከመታረቅ ይልቅ አስታራቂውን በጋራ መጥላት ይቀላቸዋልና።

የሰርቨር ክፍሉ መስኮት የለውም። እሳት ቢነሳ ውሃ መሣሪያዎቹን ስለሚያበላሽ፣ አየሩን አፍኖ እሳት የሚያጠፋ ጋዝ ከሲሊንደር ይለቀቅበታል። በሩም ጋዙም የሚታዘዙት ከሁለት ቦታ ነው፦ ከውስጥ፣ በበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ከተገጠመ የንክኪ ስክሪን፤ ከውጭ፣ በመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ላይ ካለና በማውዝ ከሚሠራ ኮምፒዩተር። ሁለቱም የሚሠሩት ሟቹ ባበጀው ሲስተም ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ ጋዙ ተለቀቀ፤ አስታራቂውም ውስጥ ነበር። ጠዋት በሩን የከፈተው የጥበቃ ሠራተኛ አገኘው።

«በጋዙ ታፍኖ ነው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «የተጣላው ሰው ያለ አይመስልም። የቀኝ እጁ አንጓዎች ብቻ አብጠዋል፤ የሆነ ነገር ደጋግሞ ደብድቦበታል።»

መርማሪዋ መነጽሯን ሰክታ ግድግዳው ላይ ወዳለው ስክሪን ተጠጋች። ስክሪኑ በትንሹ መልኩ በርቷል፤ ደቃቅ መስኮቶች፣ ደቃቅ ቁልፎች። ከታች በኩል «በር ክፈት» የሚል አረንጓዴ ቁልፍና «ጋዝ ልቀቅ» የሚል ቀይ ቁልፍ እንደ መንታ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መስታወቱ ጥርት ያለ ነው። አንድ የጣት ምልክት ብቻ አለበት፤ እሱም ልክ በቀዩ ቁልፍ ላይ።

«የሟቹ ጣት ነው፤ አመሳክረናል» አለ አሻራ አንሺው። «ፎቶውም ተነሥቷል፤ ጨርሰናል።»

መርማሪዋ ይህን ስትሰማ የስክሪኑን ጥግ በጣቷ አንጓ ነካ አደረገችው። ስክሪኑ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤ ደቃቆቹ መስኮቶች ወደ ሰፋፊ ሰሌዳዎች ተለወጡ፣ ቀዩም ቁልፍ ቦታውን ለቅቆ ከላይ ሄደ። ሌላ ምንም አልሆነም። ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለስ እንደሆነ ጠበቀችው፤ አልተመለሰም።

«የስክሪኑን ማብሪያ ማጥፊያ አሻራ አንሥተሃል? ከሥሩ ያለችውን?»

«እሷን ማን ይነካታል ብዬ…»

«እኔም ማን ይነካታል ብዬ ነው የጠየቅሁህ። አንሣት።»

ከታች፣ በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ውስጥ የሟቹ ታላቅ እህት ቆማ ነበር። ወንበር ቢያቀርቡላት አልተቀመጠችም።

«አንቺ ነሽ መርማሪዋ?»

«እኔ ነኝ እትዬ። ነፍሳቸውን ይማር።»

«ነፍሱን ፈጣሪ ይምራል፤ ስሙን ማን ይምርልኛል?» አለች እህቲቱ። «ያ ሥራ አስኪያጅ ተብዬ ገና ሬሳው ሳይነሣ በሬዲዮ ‹በገዛ ሥራው ስሕተት› ብሎ ለአገር ነገረ። ጎረቤቴ ልታጽናናኝ መጣች። አቅፋኝ ‹ጣቱ ነው አሉ አይደል?› ስትለኝ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ያንቀጠቀጣት ለቅሶ መሰለሽ? ሣቅ ነው! ሞቱን እችለዋለሁ፤ ሣቁን አልችልም።»

«ጥንቁቅ ሰው ነበሩ?»

«እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ልጅ ሆኖ የጎረቤት በር ሲያንኳኳ ‹ማነው› እስኪሉት ድረስ ንቅንቅ አይልም ነበር። ይሄ ልጅ ነው ሳያይ ገዳዩን የሚነካው?» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የኔ ወንድም ስም መሣቂያ ሆኖ ነው የሚውለው። አንቺም ‹አደጋ ነው› ብለሽ የምትሄጂ ከሆነ አታድክሚኝ፤ ዛሬውኑ ንገሪኝ።»

«አለቆቼ ነገ ጉዳዩ ይዘጋ ብለውኛል።»

«እና?»

«እና አለቆቼ ብዙ ነገር ይላሉ» አለችና መርማሪዋ ወደ ደረጃው ዞረች።

ዋና ሥራ አስኪያጁን ሠራተኞቹ በሌለበት «መድረክ» ይሉታል። ቢሮው በገዛ ምስሉ ያጌጠ ነው፤ በአንዱ ግድግዳ ላይ እጁን ዘርግቶ ሲናገር፣ በሌላው እጁን አጣምሮ ሲያስብ። ሲያስብ የተነሣው ፎቶ ይበልጥ ያስቃል።

«ልብ የሚሰብር ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ልቡ ያለበትን ቦታ ሳይሆን የከረቫቱን ቋጠሮ እየነካ። «ወንድሜ ነበር። እኔ አሰብኩት፣ እሱ ሰፋው። ሐሳቡ የኔ፣ መርፌው የሱ።»

«እንዴት የሞቱ ይመስልዎታል?»

«ምን መምሰል አለው፣ ግልጽ ነው! ሊወጣ ሲል በሩን ለመክፈት ስክሪኑን ነካ። ቁልፎቹ ለቀስት የተሠሩ ደቃቆች ናቸው፤ የሰው ጣት ደግሞ ጣት ነው። አረንጓዴውን ሲል ቀዩን አገኘው። አንድ ንክኪ፤ በቃ። ደጋግሜ አስጠንቅቄው ነበር። አሁን እንግዲህ የሲስተሙን ምርቃት ትንሽ አራዝመን ስሕተቱን እኔው ራሴ አርመዋለሁ።»

«ትናንት ወደ ሰርቨር ክፍሉ ገብተዋል?»

«እኔ? ከገባሁ ወራት አልፎኛል። የኔ ቦታ ሕዝብ ፊት ነው።»

«ሲስተሙን ግን ይጠቀሙበታል።»

«ከሱ ጋር ነው የምተኛው፣ ከሱ ጋር ነው የምነሣው!» አለና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ታብሌት መታ መታ አደረገው። የታብሌቱ መስታወት የሰው እጅ እንዳልዳሰሰው ያበራ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ እጁን ሲያነሣ ያረፈበት የመዳፉ ላብ ነው ብቸኛ ጠባሳው። ከጎኑ ጸሐፊው በወረቀት አትማ ያመጣችለት ኢሜይል ተከምሯል። መርማሪዋ ክምሩንም፣ ታብሌቱንም፣ ሥራ አስኪያጁ ጠጥቶ ያስቀመጠውን የውሃ ብርጭቆም አየች።

የንክኪ ክፍሉ ኃላፊ ጣቶቿ ረዣዥም የሆኑ፣ ቃል ስትናገር ቃሉን በአየር ላይ የምትገፋው የምትመስል ወይዘሮ ናት። ጠላቶቿ «እመት ጣት» ይሏታል። እሷም ሰምታለች፤ ወዳዋለች።

«ሰው ሲወለድ ማውዝ ጨብጦ አይወለድም!» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ሕፃን ልጅ የፈለገውን ነገር በጣቱ ነው የሚያሳይዎት። ሰውየው ይሄንን ቢሰማ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር። ግን ከሁለት ያጣ ሰው ነበር፤ ለኔም አልሆነ፣ ለእነዚያ ለሽማግሌዎቹም አልሆነ።»

«በምን ትጣሉ ነበር?»

«በሰላምታው ነዋ!»

«በምኑ?»

እመት ጣት ዓይኗን ወደ ጣሪያው ላከች። «ሲስተሙ ሲነሣ በትንሹ መልክ ነው የሚነሣው። ጣት ሲነካው ይሰፋል፤ ግን አይታዘዝም! ለመታዘዝ ሁለተኛ መንካት አለብዎት። ‹የመጀመሪያው ንክኪ ሰላምታ ነው› ይለኛል በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፤ ‹መጀመሪያ ማን እንደመጣ እንወቅ፣ ከዚያ ትእዛዙን እንቀበላለን›። ሰላምታ! እኔ ኮምፒዩተሬ እንዲታዘዘኝ እንጂ ደኅና አደርሽ እንዲለኝ አልፈልግም። ስንት ስብሰባ ላይ ጮኽኩበት መሰለዎት!»

«አሁንም እንደዚያው ነው የሚሠራው?»

«በሁሉም ማሽን ላይ። ግትር ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ በአንድ ስክሪን ላይ እንደ ብርድ ልብስ የተደራረቡ መስኮቶች ከፍቶ፣ ከኋላቸው ተደብቆ ተገኘ። ቅጽል ስሙ «ባለቀስቱ» ነው። መርማሪዋ ሆን ብላ አንዱን መስኮት በጣቷ ነክታ «ይሄ ምንድነው?» ስትለው ፊቱ ኮሶ የጠጣ መሰለ፤ ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ ምልክቱን እስኪጠፋ ጠረገው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስክሪን ለዓይን ነው። መስታወት የሚዳስሰው ሕፃን ብቻ ነው።»

«ሟቹም ይዳስሱ ነበር?»

«በሁለቱም ይሠራ ነበር፣ በአንድ እጁ ማውዝ በአንዱ መስታወት። ሁለት ባላ ትከል ቢሉት እውነት መስሎት ተከለ። ይኸው መስታወት መንካት የት እንዳደረሰው!»

«የውስጡ ስክሪን በጣት ከሰፋ በኋላ መቼ ነው ወደ ትንሹ መልክ የሚመለሰው?»

«ማውዝ ሲነቃነቅ። የግድግዳው ግን ማውዝ የለውም፤ ስለዚህ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ እንደሰፋ ይቀራል። ጠፍቶ ሲበራ ደግሞ ሁሉን ይረሳል፤ የሙከራ ስሪት ስለሆነ ምንም ነገር አይዝም።»

«ጋዙን ማን እንዳዘዘስ አይመዘገብም?»

«የጋዙ መክፈቻ ቫልቭ ከውስጥም ከውጭም ይታዘዛል። አዛዡ ማነው ብሎ አይጠይቅም፤ ከአንዳንድ ሠራተኞቻችን ጋር ይመሳሰላል።» ባለቀስቱ በገዛ ቀልዱ ፈገግ አለ። «በሩም ከውጭ ከተቆለፈ ከውስጥ አይከፈትም።»

«ትናንት አመሻሽ ላይ ማን ማን ነበር?»

«ሌላው ሁሉ ወጥቶ ነበር። እኔ፣ እመት ጣት፣ እና… መድረክ፤ ማለቴ ዋና ሥራ አስኪያጁ። ሦስታችንም በየቢሮአችን። እኔን ያየኝ የለም፤ እኔም ማንንም አላየሁም። አስታራቂው ሁልጊዜ ከሥራ በኋላ የሰርቨር ክፍሉን ዞር ብሎ እንደሚያይ ግን ሁላችንም እናውቃለን።»

«ከሰው ጋር ተጣልተው ያውቃሉ?»

«እሱ? መጣላት አይችልበትም። ባለፈው ሳምንት ብቻ…» ባለቀስቱ በሩን ተመለከተና ድምፁን ቀነሰ። «ምርቃቱን በተመለከተ ለሥራ አስኪያጁ ሲነግረው ሰምቻለሁ። ‹ሐሳቡ ያንተ እንደሆነ በየመድረኩ ተናግረሃል፤ መልካም። እንግዲያው በዕለቱ በሕዝብ ፊት አንተው ታሠራዋለህ። እኔ ከተመልካቹ ጋር ተቀምጬ አጨበጭባለሁ› አለው። ያለ ቁጣ ነው፤ ሻይ እንደሚጋብዝ ሰው።»

«ሥራ አስኪያጁስ ምን አሉ?»

«ሣቀ። እሱ ሲፈራ ይሥቃል።»

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ሦስቱንም በሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሟቹን እህትም አስጠርታለች። ማሽኖቹ ያጉረመርማሉ፤ ክፍሉ ለአምስት ሰው ይጠባል። እመት ጣትና ባለቀስቱ ላለመነካካት ሲሉ ተቃራኒ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ከበሩ ውጭ፣ መተላለፊያውን ከሚከፍለው መስታወት ወዲያ፣ ሠራተኞቹ ሥራ ያላቸው በመምሰል ተኮልኩለዋል።

«ይሄ ሁሉ ምን ያስፈልጋል?» አለ ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ። «ጋዜጠኞች እየጠበቁኝ ነው።»

«አላቆይዎትም።» መርማሪዋ የግድግዳውን ስክሪን ከሥሩ አጠፋችውና መልሳ አበራችው። በትንሹ መልኩ ተነሣ፤ አረንጓዴውና ቀዩ ጎን ለጎን። በሩንም ከውስጥ ገፍታ ዘጋችው። «ሁለተኛው ሲሊንደር ሙሉ ነው፤ ትናንት አይቼዋለሁ። እስቲ ሟቹ ያደረገውን እርስዎ ያሳዩን። ቀዩን አንዴ ብቻ ይንኩት።»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን?»

«አንዴ ብቻ። በአንድ ጣት።»

«አብደዋል እንዴ ሴትዮ? ሁላችንንም ሊፈጁን ነው?» ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ትከሻው ከማሽኑ መደርደሪያ ጋር ተጋጨ። «በሩን ክፈቱልኝ! ይሄ ነገር ሲነካ… ሰው እንደገደለ እያወቃችሁ…»

ቀድሞ ያመለጠው የባለቀስቱ ሣቅ ነው። ከአፍንጫው ፍርጥ ብሎ ወጣ። እመት ጣት ተከተለችው፤ ምናልባትም በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር አብረው ሣቁ።

«ጌታዬ፣ የመጀመሪያው ሰላምታ ነው እኮ!» አለች ዓይኗን እያበሰች። «አይታዘዝም! ይኸው…» ረዥም ጣቷን ልካ ቀዩን ቁልፍ በመሐሉ ወጋችው። ስክሪኑ ኩፍ አለ፣ ሰሌዳዎቹ ሰፉ፣ ቀዩ ወደ ላይ ሄደ። ጋዝ አልተነፈሰም። እሷ ግን እጇን ሳትመልስ ቆመች። ሣቁ ከፊቷ ቀስ ብሎ እየለቀቀ ሄደ። የባለቀስቱም ሣቅ ተቋረጠ።

«አዎ» አለች መርማሪዋ። «አሁን ገባችሁ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ሁለታችሁም የምታውቁትን ነገር ነው አሁን የተረዳችሁት። በጣት ‹መሳሳት› እንደማይቻል ታውቃላችሁ። ትንሹ ቁልፍ ለጣት አይታዘዝም። ግን ‹ትንሹ ቁልፍ ገደለው› ሲባል እርስዎን ደስ አለዎት፣ እመቤቴ፤ ‹መስታወት መንካት ገደለው› ሲባል እርስዎን ደግሞ፣ ጌታዬ፣ ደስ አለዎት። የሰውየው ሞት ለክርክራችሁ ስለጠቀመ ማሰብ አቆማችሁ። ሕግ ይህን አይቀጣም፤ እኔም ባለመቅጣቱ አዝናለሁ።»

መርማሪዋ ወደ ስክሪኑ ዞረች።

«ከመጀመሪያው ልነሣ። ሟቹ ሲገኝ ይሄ ስክሪን በትንሹ መልኩ ነበር። በትንሹ መልክ ከሆነ፣ መጨረሻ ከበራ ወዲህ ጣት አልነካውም ማለት ነው፤ ቢነካው ሰፍቶ ይቀር ነበርና። መስታወቱ ላይ ግን የሟቹ ጣት ምልክት አለ። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ የሚችሉት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ጣቱ ያረፈው ስክሪኑ ጠፍቶ ሳለ ነው። የሚታፈን ሰው ስክሪን አጥፍቶ፣ ጠቁሞ፣ መልሶ አብርቶ አይሞትም።

«ሁለተኛ። የሟቹ አንጓዎች አብጠው ነበር። በሩንና መስታወቱን ደብድቧል፤ ሊከፍት ታግሏል። በሩ ከውጭ ስለተቆለፈ አልሰማውም። መስታወቱ በእጅ አሻራ መዥጎርጎር ነበረበት። እኔ ያገኘሁት ግን አንድ ምልክት ነው፤ ለዚያውም ጥንቅቅ ያለ። ሞት አንገቱን የያዘው ሰው በአንድ ጣት፣ አንድ ጊዜ፣ በትሕትና አይነካም። ስለዚህ አንድ ሰው መስታወቱን ጠርጓል።

«እንግዲህ የሆነው ይሄ ነው። ገዳዩ ከውጭው ጠረጴዛ በማውዝ በሩን ቆለፈ፣ ጋዙን ለቀቀ፣ አለቀ ሲል ክፍሉን አናፍሶ ገባ። ስክሪኑን አጥፍቶ መስታወቱን ጠረገ። መልሶ ሲያበራው ቁልፎቹ ደቀቁለት፤ ‹ጣቱ ሳተ› ለሚለው ተረቱ ተስማማው። ቀዩ የት እንዳለ በዓይኑ ለካ። ከዚያ የሟቹን ጣት ከማሳረፉ በፊት ስክሪኑን እንደገና አጠፋው፤ ካሳረፈው በኋላም መልሶ አበራው። ለምን? ስክሪኑ እንደበራ ለምን አላሳረፈውም?»

ሁሉም ወደ ሥራ አስኪያጁ ተመለከቱ። እሱ ጀርባው አሁንም ከመደርደሪያው ጋር እንደተጣበቀ ነበር።

«ፈራ» አለች መርማሪዋ። «አንድ ንክኪ ሁለተኛውን ሲሊንደር በራሱ ላይ የሚለቅ መሰለው። እርስዎ አሁን እንደፈሩት አድርጎ ፈራ። እመት ጣት ብትሆን አትፈራም ነበር፤ ባለቀስቱም አይፈራም። እነሱ ሰላምታውን ስለሚያውቁ፣ ይህን ተረትም ከመጀመሪያው አይፈጥሩትም። ለገዳይነቱስ ሁለቱም ምቀኝነቱ አላነሳቸውም፤ ዕውቀታቸው አዳናቸው እንጂ። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከትናንት ወዲያ አመሻሽ ላይ ከነበሩት ሰዎች፣ ይህን ሲስተም በጣቱ ነክቶ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ‹አሰብኩት› የሚለው ሰው።»

«ግምት ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ። ሣቀም፤ አጭርና ደረቅ ሣቅ። «በግምት ሰው አይከሰስም።»

«አይከሰስም። መስታወቱን ጠርገዋል፤ ማጥፊያዋን ግን ረሷት። እዚያ ላይ የቀረው አሻራ ትናንት ቢሮዎ ውስጥ ከጠጡበት ብርጭቆ ጋር አንድ ነው። እርስዎ ደግሞ እዚህ ክፍል ከገቡ ወራት እንዳለፈዎት ነግረውኛል፤ ማጥፊያዋ የተጠረገችው ሟቹ በሞቱበት ቀን ጠዋት ነው፣ ሠራተኞች ስክሪኑን ሲያድሱ። ለምን እንደነኳት ግን ከእጅዎ ማየት ፈለግሁ። አሳዩኝ፤ አመሰግናለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ የከረቫቱን ቋጠሮ አጠበቀ። ከዚያ በድንገት፣ እንደለመደው፣ ለጉባኤ እንደሚናገር ሰው ድምፁን ከፍ አደረገ፦

«ማን ያውቀው ነበር? እኔ ባልናገርለት ማን ይሰማው ነበር? ምን ነበረበት ዝም ቢል! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ… ካሜራ ሁሉ ወደኔ ዞሮ… የት ልንካ ብዬ ልቁም? ይሄን ነው የፈለገው። ሊያዋርደኝ!»

«ለዚህ ነው?» አለ ባለቀስቱ ቀስ ብሎ። «ለዚህ ብቻ? ብትጠይቀኝ እኮ በግማሽ ቀን አሳይህ ነበር።»

«አንተን? አንተን ልጠይቅ?»

በዚህች መልስ ውስጥ የነበረው ንቀት እውነተኛ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ በዕድሜው ከተናገራቸው ነገሮች ሁሉ ምናልባት እውነተኛው እሱ ብቻ ነው። ሰውየው ከመማር መግደልን የመረጠው ጨካኝ ሆኖ ሳይሆን፣ አላዋቂ መባልን ከነፍስ በላይ ስለቈጠረው ነበር። እንዲህ ያለውን ወንጀለኛ ታሪክ አይጽፈውም፤ ፖሊስ ብቻ ይመዘግበዋል።

መርማሪዋ በሩን ከፈተች። «ሲሊንደሩን ትናንት አስነቅያለሁ፤ እርስዎን አምኜ ከሰው ጋር አልዘጋም» አለችና ከውጭ ለቆሙት ፖሊሶች ምልክት ሰጠች። ሠራተኞቹ ገለል አሉ። እመት ጣትና ባለቀስቱ በሩ ላይ ተገናኙ፤ ማን ይቅደም በሚል ቆሙና ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

ፖሊሶቹ የሥራ አስኪያጁን ክንድ ሲይዙ እስከዚያች ሰዓት ጥግ ይዛ የቆመችው እህት መንገዱን ዘጋች።

«ቆይ» አለች። «ሞቱን ፍርድ ቤት ይጠይቅህ። እኔ አንድ ነገር ነው የምፈልገው። ‹አልተሳሳተም› በል።»

«ወይዘሮ፣ እኔ…»

«አታባብለኝ። በሬዲዮ ‹ተሳሳተ› ያልከው አንተ ነህ። በአፍህ አንሣው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ፖሊሶቹ አየ፤ እነሱ ወደ መርማሪዋ አዩ፤ መርማሪዋ መነጽሯን ማጽዳት ጀመረች። ከመስታወቱ ወዲያ ትናንት መተላለፊያው ላይ አፋቸውን ከድነው የነበሩት ሳይቀሩ ቆመዋል።

«አልተሳሳተም» አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ ወለሉ።

እህቲቱ ወደ ሠራተኞቹ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ ወደ እሱ ተመለሰች።

«እነሱ አልሰሙህም» አለችው። «ጮክ በል።»